ሞተሩ የተቀየረ ኮሮላ፦ ኮፈን ሥር ተንጠልጥለው የቀሩ ሶኬቶችን የመለየት አሠራር

ካርቡሬተር (ቤንዚንን ያለ ኮምፒውተር ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) የነበረው ኮሮላ ላይ ኢንጀክሽን ሞተር (የቤንዚኑን መጠን ኮምፒውተር የሚወስንበት) ሲገጠም፣ ሥራው አልቆ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ኮፈን ሥር አምስት ስድስት ሶኬት ተንጠልጥሎ መቅረቱ የተለመደ ነው። መኪናው ይሄዳል። ባለቤቱ «ይሄስ የምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «አያስፈልግም»። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ጠዋት ሞተሩ አልነሳ የሚለው፣ ቤንዚን የሚፈጀው ወይም የዘይት መብራቱ ጭራሽ የማይበራው በዚያው «በማያስፈልገው» ሶኬት ምክንያት ነው።

እዚህ ምሳሌ የሚሆነን በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የተሠራው ኮሮላ ነው። ባለ ካርቡሬተር ሞተሩ ወጥቶ 1.6 ሊትሩ 4 ኤ-ኤፍኢ ወይም 1.5 ሊትሩ 5 ኤ-ኤፍኢ ከነዋየሪንጉ (ከነሽቦው እስር) እና ከነኮምፒውተሩ ገብቶበታል እንበል። የዘመኑ ሌሎች ቶዮታዎችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ የሽቦ ቀለሙና የፒኑ ቁጥር ብቻ ይለያያል።

አራት ዓይነት ሶኬት

ተንጠልጥሎ የሚገኝ ሶኬት ከአራት ወገን ከአንዱ ነው። አንደኛው ፋብሪካው ራሱ ያልተጠቀመበት ነው፤ አንድ ዓይነት ዋየሪንግ ለብዙ ሞዴል ስለሚሠራ፣ ኤሲ ወይም የጉም መብራት የሌለው መኪናም ሶኬቱን ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው ለምርመራ የተተወ ነው፤ መጀመሪያውኑ ጓደኛ፣ ማለትም የሚሰካበት ሌላ ሶኬት፣ የለውም። ሦስተኛው በሞተር ወይም በካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ለውጥ ምክንያት ጓደኛውን ያጣ ነው። አራተኛው መሰካት ሲገባው የተረሳ ነው።

አራተኛው በሦስቱ መሀል ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ሥራው የተረሳውን በማደን ይጀመራል እንጂ ትርፍ የመሰለውን በመቁረጥ አይጀመርም። ሶኬቱ መንጠልጠሉ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው የሽቦው ሌላኛው ጫፍ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መልቲሜትር፣ ሁለት ቀጫጭን ስፒሎች፣ 4 ሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ፣ 3 አምፔር ፊውዝ የገባበት አጭር መሞከሪያ ሽቦ፣ 3.4 ዋት የሆነች ትንሽ አምፖል ከነሽቦዋ፣ በኤልኢዲ የሚሠራ መፈተሻ፣ የሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ፣ የወረቀት ናስትሮ፣ ማርከርና ደብተር። ለፎቶ ስልክዎ ይበቃል።

በየጋራዡ የሚገኘው ከፍሬቻ አምፖል የሚሠራው መፈተሻ ለዚህ ሥራ አይሆንም። 21 ዋት አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ይስባል፤ የኮምፒውተሩ የሴንሰር መስመር ደግሞ በሚሊ አምፔር የሚቆጠር ነው። አንዴ ከነኩት ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ሁለት ቀለም ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ። ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽፋን ያለው ሽቦ የኤርባግ ነው፤ በኦም መለኪያ ጭራሽ አይነካም። ብርቱካናማ ወፍራም ኬብል ደግሞ የሃይብሪድ መኪና ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። የድሮ ኮሮላ ላይ ሁለተኛው የለም፤ ይህን ዘዴ ወደ ሌላ መኪና ሲወስዱ ግን ያስታውሱት።

ደረጃ 1፦ ቁጥር መስጠትና መመዝገብ

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉ ተዘግቶ ይሁን። የተንጠለጠለውን ሁሉ ሳይነቅሉ፣ ሳይሰኩ፣ ባለበት ፎቶ ያንሱ። በየሶኬቱ ላይ የወረቀት ናስትሮ ጠቅልለው ከ1 ጀምሮ ቁጥር ይስጡ። ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ያለበት ቦታ፣ የፒን ብዛት፣ ወንዴ ወይም ሴቴ፣ የሶኬቱ ቀለም፣ የእያንዳንዱ ሽቦ ቀለም ከነመስመሩ፣ የሽቦው ውፍረት፣ በሶኬቱ ላይ የታተመ ቁጥር።

የታተመው ቁጥር ብዙ ሰው የማያየው ጥሩ ፍንጭ ነው። ያዛኪ የሚሠራቸው ብዙዎቹ ሶኬቶች ሴቴው በ7283፣ ወንዴው በ7282 ይጀምራል፤ የሱሚቶሞዎቹ ብዙ ጊዜ በ6189 ይጀምራሉ። የቶዮታ የራሱ የሶኬት ቁጥር ደግሞ በ90980 የሚጀምር ነው። በስፕሬይና በጥርስ ብሩሽ ጠርገው ከጎን ባትሪ ሲያበሩበት ይነበባል። ቁጥሩ የሚነግርዎ የሶኬቱን ቅርፅ እንጂ ሥራውን አይደለም፤ ግን መለዋወጫ ሲፈልጉ ወይም ፎቶ ከፎቶ ሲያመሳክሩ ግማሽ መንገድ ያሻግራል።

ከሶኬቶቹ ጋር በቦሎን የሚታሰሩ የቀለበት ጫፎችንም ይቁጠሩ። ሞተር ሲቀየር በጣም ከሚረሱት ነገሮች አንዱ በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቱቦ) ላይ የሚታሰረው የኮምፒውተሩ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ነው፤ ቡናማ ሽቦዎች ያሉበት ቀለበት። ይህ ተንጠልጥሎ ካገኙ ሌላውን ሁሉ ትተው መጀመሪያ እሱን ይሰሩ። ብረቱን እስኪያበራ ፍቀው፣ ቀለበቱን አጽድተው ያጥብቁ። ያለዚያ ከዚህ በኋላ የሚለኩት ቮልት ሁሉ ይዋሻል።

ደረጃ 2፦ ከመለካት በፊት ማየት

የተርሚናሉን (በሶኬቱ ውስጥ ያለውን ብረት) ጫፍ በእጅ ባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ተሰክቶ የኖረ ሶኬት ምላሱ ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ የጭረት መስመር ይኖረዋል፤ ውስጡም ከውጭው ይልቅ ንጹሕ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ያልተሰካ ሶኬት ጭረት የለውም፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ኋላ ታጥፎ በዋየሪንጉ ላይ በናስትሮ የታሰረ ወይም የፕላስቲክ ክዳን ያለው ነው። ፋብሪካው የሚጠቀልለው ናስትሮ ወጥ ነው፣ አይዛባም፤ ከተማ ውስጥ የተጠቀለለው ወዲያው ይለያል።

ቀጥሎ የሽቦው ርዝመት። የፋብሪካ ቅርንጫፍ የሚቆረጠው ለሚሰካበት ቦታ ያህል ብቻ ነው፤ ትርፉ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ሶኬቱን ሳይጎትቱ፣ ሽቦው በለመደው መታጠፊያ ተከትለው በዙሪያው ያዙሩት። በሚደርስበት ክብ ውስጥ ባዶ ሶኬት ያለው ዕቃ አለ? ካለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ቢገባ ግን ወዲያው አይስኩት፤ ቅርፃቸው አንድ የሆነ ባለ ሁለት ፒን ሶኬቶች ብዙ ናቸው።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ይህ የርዝመት ዘዴ በከፊል ያሳስታል። ወደ ሌላኛው ወገን የተዛወሩ ዕቃዎች ሽቦአቸው በእጅ ተቀጥሎ ስለሚረዝም፣ የድሮው ቅርንጫፍ ደግሞ አጭር ሆኖ በቀድሞው ቦታ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ የሽቦ ቀለም

በቶዮታ ዋየሪንግ የመጀመሪያው ቀለም የሽቦው ዋና ቀለም፣ ሁለተኛው በላዩ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ነው። ነጭ ባለ ጥቁር መስመር የቦዲ ማሳ ነው። ቡናማ የኮምፒውተርና የሴንሰር ማሳ ነው። እነዚህን ሁለቱን ካወቁ ከብዙዎቹ ሶኬቶች አንድ ፒን ወዲያው ተፈታ ማለት ነው፦ ቡናማ ያለበት ሶኬት የሴንሰር ዘር ነው፤ ነጭ ባለ ጥቁር መስመር ያለበት ደግሞ ሞተር፣ መብራት፣ ፋን ወይም ስዊች የመሰለ የቦዲ ዕቃ ነው። ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) የሚሄደው የማስነሻ ሽቦ በአብዛኛው ጥቁር ባለ ነጭ መስመር ነው።

መስመር የሌለው፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው፣ የተጠማዘዘና በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ካገኙ የፋብሪካ አይደለም። አላርም፣ ጥሩምባ፣ የጉም መብራት ወይም ለስርቆት መከላከያ የተዘረጋ መቁረጫ ነው። እሱን በቀለም ለመተርጎም አይድከሙ፤ እስከ መጨረሻው በእጅ ይከተሉት።

ደረጃ 4፦ በአራት ሁኔታ መለካት

የመልቲሜትሩ ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይታሰር፤ በአቅራቢያ ባለ ቦሎን ላይ ማስነካት ቀለሙ ወይም ዝገቱ ያሳስታል። ቀዩ ጫፍ በስፒል አማካይነት ከሶኬቱ ኋላ በኩል፣ በሽቦውና በላስቲኩ መሀል ሾልኮ ተርሚናሉን ይነካል። የሽቦውን ሽፋን በመርፌ መብሳት ፈጣን ነው፤ ከክረምት በኋላ ግን ውሃ በቀዳዳው ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ሽቦውም ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል።

እያንዳንዱን ፒን በአራት ሁኔታ ይለኩ፦ ቁልፍ ተዘግቶ፣ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ፣ ሞተሪኖ ሲዞር፣ ሞተር ተነስቶ። ውጤቱ እንዲህ ይነበባል።

ቁልፍ ተዘግቶም 12 ቮልት ካለ ሽቦው በፊውዝ በኩል ከባትሪ በቀጥታ የመጣ ነው። ይህ ማሳ ከነካ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ፊውዝ ከሌለው ደግሞ ዋየሪንጉን ያቃጥላል። ስለዚህ እስኪታወቅ ድረስ አሁኑኑ አፉን በናስትሮ ይድፈኑት።

ቁልፍ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት የሚመጣ ከሆነ ኢንጀክተር፣ የቫኪዩም ቫልቭ፣ የኋላ ማርሽ ስዊች ወይም የዲናሞው አንዱ ፒን ሊሆን ይችላል።

ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት ያህል ካገኙ ሽቦው የመጣው ከኮምፒውተሩ ነው፤ የሴንሰር ሶኬት ይዘዋል። አንድ ፒን 5 ቮልት፣ ሌላው ማሳ የሆነ ባለ ሁለት ፒን ሶኬት የሙቀት ሴንሰር ነው፤ የውሃ ወይም የሚገባው አየር። ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ፒን ሆኖ አንዱ 5 ቮልት፣ አንዱ ማሳ ከሆነ የስሮትል ወይም የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር ነው።

ሞተሪኖ ሲዞር ብቻ 12 ቮልት የሚመጣበት ሽቦ የማስነሻው መስመር ነው።

በየትኛውም ሁኔታ ምንም ከሌለ ገና አይፍረዱ። የኤሲ ኮምፕረሰር ሽቦ ኤሲ እስኪከፈት፣ የጉም መብራት ሽቦ መብራት እስኪበራ ዜሮ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ እየከፈቱ ድጋሚ ይለኩ። ሜትሩ 0.1 ወይም 0.3 ቮልት እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ከጎረቤት ሽቦ የተዛመተ ነው፤ አይቁጠሩት።

ደረጃ 5፦ ሽቦውን እስከ ሌላኛው ጫፍ መከተል

የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። የሞተሩን ኮምፒውተር ከዳሽቦርዱ ሥር አውጥተው ሶኬቶቹን ይንቀሉ። ይህ ሳይነቀል በኦም ወይም ሽቦ ሲገናኝ መልቲሜትሩ በሚጮኸው ድምፅ መለካት ትልቁ ስህተት ነው፤ በኮምፒውተሩና በሌሎች ዕቃዎች ውስጥ እየዞረ የሚመጣ ንባብ ሁሉም ከሁሉም ጋር የተገናኘ ያስመስላል።

አራት ሜትሩን ሽቦ ከተጠርጣሪው ፒን ጋር አገናኝተው ወደ ውስጥ ይውሰዱ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ፒኖች አንድ በአንድ ይንኩ። ከ1 እስከ 2 ኦም ካገኙ ተገናኝቷል። በዚያው አጋጣሚ ሽቦው ከቦዲ ጋር እንዳልነካካ ያረጋግጡ። ለሞተሩ ዓይነት የወጣ የቶዮታ የሽቦ ንድፍ ካለዎት የፒኑ ስም ወዲያው ይገኛል፤ ንድፉ የሚፈለገው በሞተሩና በኮምፒውተሩ እንጂ በመኪናው አይደለም፤ ሞተሩ ከሌላ መኪና መጥቷልና።

ኮምፒውተሩ ላይ የትም ካልጮኸ ሽቦው የቦዲ ነው፤ ወደ ፊውዝ ሳጥን፣ ወደ ሪሌ ወይም ወደ ዳሽቦርድ ይሄዳል። ሞተር የተቀየረ መኪና ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። የአዲሱ ሞተር ዋየሪንግ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ትልቅ ሶኬት በድሮው መኪና ላይ ጓደኛ የለውም። ሠራተኛው መኪናው ለመነሳት የሚያስፈልጉትን ብቻ ቆርጦ በእጅ ይቀጥላል፤ የተቀሩት ፒኖች እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ ብዙ ፒን ያለው፣ ግማሹ ሽቦው ተቆርጦ የሄደ ሶኬት ካገኙ፣ ከሱ ላይ የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው፦ ቋሚ የባትሪ መስመር፣ የቁልፍ መስመር፣ የሞተሪኖ ምልክት፣ የቼክ ኢንጂን መብራት፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ የፍጥነት ምልክት፣ የዙር መለኪያ፣ የሙቀት ጌጅ፣ የዘይት መብራትና የኤሲ መጠየቂያ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱና ፓምፑ ከተገናኙ ሞተሩ ይነሳል፤ ለዚህ ነው ሌሎቹ «አያስፈልጉም» የሚባሉት። የቼክ ኢንጂን መብራት ያልተቀጠለበት መኪና ደግሞ ብልሽቱን የሚናገርበት አፍ የለውም። ካልተቀጠለ እሱን ይቅደሙ፤ ደረጃ 6 ያለሱ አይሠራም።

ደረጃ 6፦ ኮምፒውተሩን መጠየቅ

ኮፈን ሥር ክዳኑ ላይ ዳያግኖሲስ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ወይም ግራጫ ሳጥን አለ። ብዙ ቀዳዳ፣ ምንም የማይሰካበት። ይህ ትርፍ ሶኬት አይደለም፤ ከአራቱ የሁለተኛው ወገን ዋና ተወካይ ነው፤ ብዙ ጊዜም በስህተት የሚቆረጠው እሱ ነው።

ክዳኑ ውስጥ የፒኖቹ ስም ታትሟል። ቁልፍ ተዘግቶ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን በአጭር ሽቦ ያገናኙ። ስሙን ሁለቴ ያንብቡ፤ በአጠገቡ ቋሚ 12 ቮልት ያለበት ፒን አለ። ኤሲ ዝግ፣ ማርሽ ባዶ፣ የነዳጅ ፔዳል ያልተረገጠ ይሁን። ቁልፉን ይክፈቱ፣ ሞተሩን አያስነሱ። የቼክ ኢንጂን መብራት ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ድርግም ካለ ስህተት የለም። ካለ ግን የስህተቱን ኮድ፣ መጀመሪያ የአሥር ቤቱን ቁጥር፣ ከዚያ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ የአንድ ቤቱን፣ በብልጭታ እየቆጠረ ይነግርዎታል።

ለእኛ ሥራ የሚጠቅሙት፦ 21 የኦክስጅን ሴንሰር፣ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 24 የአየር ሙቀት ሴንሰር፣ 31 የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር፣ 41 የስሮትል ሴንሰር፣ 42 የፍጥነት ምልክት። 51 ከመጣ ፔዳሉ ተረግጦ ወይም ኤሲ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ባለ ካርቡሬተር ዳሽቦርድ የያዘ መኪና 42 ማሳየቱ አያስገርምም፤ የፍጥነት ምልክት የሚሰጠው ክፍል በድሮው ጌጅ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ኮምፒውተሩ የያዘውን የኮድ ማኅደር ለማጥፋት ቁልፍ ዘግተው ኢኤፍአይ የሚለውን 15 አምፔር ፊውዝ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ይንቀሉ። ከዚያ መኪናውን ነድተው ድጋሚ ያንብቡ። የተመለሰው ኮድ ነው የተረሳውን ሶኬት የሚያሳይዎት።

ብዙ ጊዜ የሚገኙት

የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ባለ ሁለት ፒን፣ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ፣ ቴርሞስታቱ አካባቢ። ተነቅሎ ሲገኝ ኮምፒውተሩ ውሃው 80 ዲግሪ እንደሆነ ገምቶ ይሠራል። ለሞቀ ሞተር የሚሆን ቤንዚን ለቀዘቀዘ ሞተር ይሰጣል፤ ጠዋት አልነሳ የሚለው ለዚህ ነው። በስህተት የሚተወው ደግሞ በአጠገቡ ለዳሽቦርድ ጌጅ የሚሆን ባለ አንድ ሽቦ ሌላ ሴንሰር ስላለ ነው፤ ጌጁ እየሠራ ሲያዩ ሁሉም ደህና ይመስላል። የኮምፒውተሩ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ይሰጣል።

የጌጁ ሽቦ መሆኑን ለማወቅ ቁልፍ ከፍተው ሽቦውን በ3.4 ዋቷ አምፖል በኩል ማሳ ያስነኩ፤ መርፌው ወደ ሙቅ ይወጣል። አምፖሏ መሀል ሳትገባ በቀጥታ አይንኩት፤ ጌጁ ይጎዳል።

የዘይት ግፊት ስዊች። አንድ ሽቦ። ቁልፍ ተከፍቶ ማሳ ሲነካ የዘይት መብራት ይበራል። ተንጠልጥሎ ከቀረ መብራቱ መቼም አይበራም፤ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ሲነክስ እንኳ።

የራዲያተር ፋን ስዊች። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው ግምት የተገላቢጦሽ ነው። በእነዚህ ኮሮላዎች ላይ ስዊቹ ሲቀዘቅዝ ዝግ ነው፣ ማሳ ይሰጣል፤ ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል፣ ያን ጊዜ ፋኑ ይዞራል። ስለዚህ ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ሳያቋርጥ ይዞራል። ይህን ጩኸት ለማስቆም ሽቦውን ማሳ ላይ ማሰር የተለመደ «መፍትሔ» ነው፤ ውጤቱ ፋኑ ጨርሶ እንዳይዞር ማድረግ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ቁልፍ ሲከፈት ፋኑ ከዞረ፣ ሽቦውን ለአፍታ ማሳ ሲያስነኩት ደግሞ ከቆመ፣ የያዙት የፋን ስዊች ሶኬት ነው።

የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር። ባለ ሦስት ፒን። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ በምልክት ፒኑ ላይ ከ3.3 እስከ 3.9 ቮልት ይላል፤ ያ ግን ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ 2.8 ቮልት አካባቢ ቢያገኙ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ ደህና ሴንሰር ይጣላል።

የካምቢዮ ሶኬቶች። ኦቶማቲክ የነበረ ዋየሪንግ ማንዋል ካምቢዮ ላይ ሲገጠም ብዙ ፒን ያለው የማርሽ ቦታ ስዊች ሶኬት ትርፍ ይሆናል። ትርፍ ይሁን እንጂ የሞተሪኖው መስመር በውስጡ ያልፋል፤ ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች ካልተገናኙ ሞተሪኖው አይዞርም። በማንዋሉ ላይ ባለ ሁለት ፒን የኋላ ማርሽ ስዊች አለ፦ ቁልፍ ተከፍቶ አንዱ ፒን 12 ቮልት ካለው፣ ሁለቱን በባለ ፊውዙ ሽቦ ሲያገናኙ የኋላ ነጭ መብራት ይበራል።

ኢንጀክተርና የቫኪዩም ቫልቭ። ሁለቱም ባለ ሁለት ፒን፣ ሁለቱም ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት። ኤልኢዲ መፈተሻውን በሁለቱ ፒኖች መሀል አድርገው ሞተሪኖ ያዙሩ፤ የኢንጀክተሩ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ የቫልቩ አይልም። ዕቃውን ራሱን ሲለኩ ኢንጀክተሩ ከ13 እስከ 14 ኦም፣ ቫልቩ ከ30 እስከ 50 ኦም አካባቢ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ለቅዝቃዜ ማስነሻ የሚሆን አምስተኛ ኢንጀክተር አለ፤ የሱ ከ2 እስከ 4 ኦም ነው።

ዲናሞ። ባለ ሦስት ፒን፦ አንዱ ሁልጊዜ 12 ቮልት፣ አንዱ ከቁልፍ ጋር፣ ሦስተኛው ማሳ ሲነካ የባትሪውን መብራት የሚያበራ። ይህን የሚመስል ሌላ የለም።

የኤሲ ኮምፕረሰር። ወደ ታች የሚወርድ አንድ ሽቦ፣ አንዳንዴ ከሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ጋር። ኮምፕረሰሩ ከወጣ ይህ በእርግጥ ትርፍ ነው። በአየር ማጣሪያው ዙሪያ ከካርቡሬተሩ ዘመን የቀሩት የማነቆ ማሞቂያና የነዳጅ መዝጊያ ቫልቭ ሶኬቶችም እንዲሁ፤ የቦዲው ዋየሪንግ እንጂ የአዲሱ ሞተር አይደሉም።

በጋራዥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ያልታወቀ ሽቦ ላይ 12 ቮልት ሰጥቶ «ምን ይሠራል?» ብሎ ማየት። የሴንሰር መስመር ከሆነ ኮምፒውተሩን ያቃጥላል። ማሳ ማስነካትም እንዲሁ ቀድሞ በሜትር ተለክቶ ብቻ ነው፤ ከላይ በስም ከተጠቀሱት ውጭ አይሞከርም።

ስለገባ ብቻ መሰካት። አንድ ዓይነት ቅርፅ ያላቸውን ሁለት ሶኬቶች ያቀያየረ ሰው፣ ለምሳሌ የሙቀት ሴንሰሩን በቫልቭ ሶኬት ላይ፣ ሁለት ብልሽት በአንድ ጊዜ ይፈጥራል።

አንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም መሰካት። አንድ ሶኬት ይስኩ፣ ሞተሩን ያስነሱ፣ ኮድ ያንብቡ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

እውነተኛውን ትርፍ ማስቀመጥ

ትርፍነቱ የተረጋገጠ ሶኬት አይቆረጥም፤ ይሸፈናል። በጣም ጥሩው ክዳን የራሱ ጓደኛ ነው፦ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪናዎች ተዛማጁን ሶኬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ጋር ይግዙ፣ ሽቦዎቹን ከሥር ቆርጠው ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ይድፈኑና ይሰኩት። ያ ካልተገኘ አጽድተው፣ ለኤሌክትሪክ የሚሆን ግሪስ ቀብተው፣ አፉን ወደ ታች አድርገው በዋየሪንጉ ላይ ያያይዙት። ናስትሮ ብቻ በሞተር ሙቀት ይቀልጣል፣ ማጣበቂያው ይፈስና አቧራ ይይዛል። ከጭስ ማውጫውና ከቺንጋው ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ።

ቋሚ 12 ቮልት ያለበት ትርፍ ሶኬት ሽፋን አይበቃውም። ፊውዙ ለሌላ ነገር የማያገለግል ከሆነ ይነቀል። የሚያገለግል ከሆነ ተርሚናሉን በቀጭን መሣሪያ ምላሱን ተጭነው ከሶኬቱ ያውጡና በሙቀት በሚጠብ ላስቲክ ለብቻው ይሸፍኑት።

መቁረጥ ግድ ከሆነ ሁሉንም ሽቦ በአንድ መስመር አይቁረጡ፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ 3 ሴንቲ ሜትር ይበላለጥ፣ ለየብቻው ይሸፈን። ከኮምፒውተሩ የመጣ የሴንሰር ሽቦ ክፍት ይቀመጣል፤ ማሳ ላይም 12 ቮልት ላይም አይታሰርም።

በናስትሮው ላይ የጻፉትን ቁጥር አያንሱት። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተው፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከመኪናው ሰነዶች ጋር ያኑሩት፤ በየቁጥሩ ፊት «የኤሲ፣ ትርፍ»፣ «የፋን ስዊች፣ ተሰክቷል»፣ «ቁጥር 7፣ አልታወቀም፣ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት» እየተባለ። ያልታወቀ ካለ አልታወቀም ብሎ መጻፍ ነው፤ ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ኮድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየውም እሱ ነው።